ሃያ ሁለት ደቂቃ የማይበቃው ሐዘን

ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው የሚለዋወጡትን ቃል ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ ግን አንዱ የመጨረሻው ይሆናል። የትኛው እንደሆነ በሚነገርበት ሰዓት ተናጋሪውም ሰሚውም አያውቁም። አብዛኛውን ጊዜ የፍቅር ወይም የስንብት ቃል አይሆንም፤ «ስትመለሺ ዳቦ ይዘሽ ነይ»፣ «በሩን ቆልፈው»፣ «እንዳትቆይ» የሚል የየዕለቱ ንግግር ነው። ሞት በድንገት ሲመጣ ብቻውን የቀረው የትዳር ጓደኛ ያቺን ተራ ቃል ሌሊት ሌሊት እያነሣ ይጥላል። «ምነው ሌላ ነገር ብያት በነበረ!» ይላል።

ይህን ጉዳይ በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ከአንድ የአሜሪካ የካርቱን ኮሜዲ ተነሥተን ነው። «ካርቱን የልጆች ነገር አይደለም ወይ? ለባለትዳሮች ምን ቁም ነገር ይገኝበታል?» የሚል ወገን እንደሚኖር እንገምታለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ታሪኩን ከሰማ በኋላ ግን አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ጎረቤቱ ኔድ

«ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው ተከታታይ ካርቱን የማት ግሬኒንግ ፈጠራ ነው። በፎክስ ቴሌቪዥን ራሱን ችሎ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1989 ሲሆን፣ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ በመዝለቁ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረ የካርቱን ኮሜዲ ለመሆን በቅቷል። ታሪኩ የሚያጠነጥነው ስፕሪንግፊልድ በምትባል ምናባዊ ከተማ በሚኖሩት በሆመር ሲምፕሰን፣ በሚስቱ በማርጅና በሦስት ልጆቻቸው ላይ ነው። ሆመር ሰነፍ፣ ሆዳምና ግልፍተኛ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሄዶም ያንቀላፋል።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ኔድ ፍላንደርስ ግን የተለየ ሰው ነው። ሪዛም ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ አረንጓዴ ሹራብ አይለየውም። ለግራኞች የሚሆኑ ዕቃዎችን የሚሸጥ ሱቅ አለው። ይጸልያል፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ያነባል፤ ሆመር ዕቃውን እየተዋሰ ባይመልስለት እንኳ ጎረቤትነቱን አይተውም። ሞድ የምትባል እንደ እርሱ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሚስት፣ ሮድና ቶድ የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆችም አሉት።

የፊልሙ ደራሲዎች በኔድ ይቀልዱበታል። ከልክ ያለፈ ጥንቃቄውን፣ በቃላት ላይ እየለጠፈ የሚናገራቸውን «ዲድሊ» የመሰሉ ትርጉም የለሽ ድምፆች፣ በጥቃቅን ነገር ኅሊናው እየተረበሸ መጋቢውን በስልክ ማሰልቸቱን ያሳዩናል። ይሁን እንጂ እምነቱ የይምሰል ነው አይሉንም። «ክርስቲያኒቲ ቱዴይ» የተባለው የአሜሪካ ወንጌላውያን መጽሔት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 ኔድን በሽፋኑ ላይ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ጽሑፉን ያዘጋጀው ማርክ ፒንስኪ የተባለ አይሁዳዊ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በዚህ ካርቱን ውስጥ ስለሚታየው መንፈሳዊ ሕይወት አንድ መጽሐፍ አሳትሟል።

አንዲት የፀጉር ፒን

ዛሬ የምንመለከተው ክፍል የዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ ዐሥራ አራተኛ ክፍል ነው። የታየው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2000፣ ማለትም ፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን በሚሉት በዓል ዋዜማ ነበር። ርዕሱ «አሎን አጌን፣ ናቹራ-ዲድሊ» ይባላል። የጊልበርት ኦሳሊቫንን የ1972 ዘፈን ርዕስ ከኔድ የአነጋገር ልማድ ጋር አዳቅሎ የወጣ ስም ነው፤ «እንደገና ብቻዬን» እንደ ማለት ነው።

የሲምፕሰን ቤተሰብ ወፎችን ለማየት በእግሩ ይወጣል። ወፎቹ ይኖሩበታል በተባለው ጥብቅ ሥፍራ ግን የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ተሠርቶ ያገኛል። የኔድም ቤተሰብ እዚያው ነው። የመጡት ፍጥነቱን ወደው አይደለም፤ የሾፌሮቹን የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ለማድነቅ ነው። ሞድ ለቤተሰቧ ሆት ዶግ ልትገዛ ትነሣለች። ኔድ ረጅሙን ዓይነት እንዳታመጣ ያሳስባታል። እርሷም ያንን እንደማይወድ ስለምታውቅ «አውቃለሁ» ብላው ትሄዳለች።

በዚህ መካከል ልጃገረዶች በአየር ግፊት በሚተኩስ መሣሪያ ወደ ተመልካቹ ቲሸርት መወርወር ይጀምራሉ። ሆመር የነጻ ዕቃ ሲያይ አያስችለውምና «ወደ እኔ! ወደ እኔ!» እያለ ይጮኻል። ልጃገረዶቹ አነጣጥረው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲተኩሱ እርሱ መሬት ላይ ያያትን የሴት ፀጉር ፒን ለማንሣት ጎንበስ ይላል። ቲሸርቶቹ በእርሱ ላይ ያልፉና ሞድን ይመቷታል፤ ከመቀመጫዎቹ ጫፍ ገፍተውም ወደ ታች ይጥሏታል። አምቡላንሱም በጊዜ አይደርስላትም፤ ሆመር መኪናውን ያቆመው ለአምቡላንስ በተከለለው ቦታ ላይ ነበርና። ሞድ ትሞታለች። ኔድ ለሚስቱ የነገራት የመጨረሻ ቃል ስለ ሆት ዶግ ርዝመት ሆኖ ይቀራል፤ እርሱም ይህ ይከነክነዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ያልፋል። ቀብሩ ይፈጸማል። ሆመር በጸጸት ይሁን በጎረቤትነት ለኔድ ሌላ ሚስት ሊፈልግለት ይነሣል፤ ኔድን የሚያስተዋውቅ ቪዲዮ አዘጋጅቶ ለሴቶች ያሰራጫል። ኔድ ከአንዲት የንግድ ሰውና ከመምህርቷ ከኤድና ክራባፕል ጋር ይገናኛል፤ አንዱም አይሠምርለትም። አንድ ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ እግዚአብሔርን ይጠይቃል። በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ይልና በኋላ ጸጸት ይዞት እየሮጠ ይሄዳል። እዚያም ራሄል ጆርዳን የምትባል ክርስቲያን ዘማሪት ከባንዷ ጋር ስታገለግል ያገኛል። ልቡ ይጽናናል፤ ከእርሷ ጋር ይተዋወቃል፤ ፊልሙም በዚሁ ያበቃል። የዘማሪቷን ድምፅ የሰጠችው እውነተኛዋ ዘፋኝ ሾን ኮልቪን ናት።

አንባቢያን ልታውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሞድን ድምፅ ለዓመታት ስትሰጥ የነበረችው ማጊ ሮዝዌል የምትኖረው ዴንቨር ሲሆን ለቀረጻ ወደ ሎስ አንጀለስ ትመላለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በክፍያ ጉዳይ ከቴሌቪዥኑ ጋር ባለመስማማቷ ሥራውን ለቀቀች። በዚህ ክፍል ውስጥ የምንሰማው የሌላ ተዋናይት ድምፅ ነው። ሮዝዌል በ2002 ወደ ሥራዋ ብትመለስም ሞድ ግን ከሞት አልተመለሰችም።

ቀልዱ የሸፈነው

ይህ ክፍል አስተካክሎ የተሠራ አይደለም። አንዳንዱ ቦታ ልብ ይነካል፣ አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ያሳፍራል። ትልቁ ችግሩ ሐዘኑን በሁለት እግሩ እንዲቆም አለመፍቀዱ ነው። ኔድ እንባ ሊያፈስ ሲል ቀልድ ይገባበታል። የሞድ አሟሟት ራሱ የቀልድ አሟሟት ነው። ሆመር ለሞቷ ሁለት ጊዜ ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ አንድ ጊዜ በስግብግብነቱ፣ አንድ ጊዜ መኪናውን ባቆመበት ቦታ፣ በሚገባ ይቅርታ ሲጠይቅ አናይም። ይቅርታ ሳይጠይቅ አጋር ፈላጊ ሆኖ ይመጣል። ንስሐ ሳይገባ በጎ አድራጊ የሆነ ሰው ነው።

ከቀልዶቹ አንዱ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ወደ እኛ ይጠጋል። የሆመር ልጅ ባርት ከሐዘንተኞቹ ከሮድና ከቶድ ጋር የቪዲዮ ጌም ይጫወታል። የእነርሱ ቤት ጌም መንፈሳዊ ነው፤ በቢሊ ግራሃም ስም የተሰየመ ሲሆን መጽሐፍ ቅዱስ እየተኮሱ አሕዛብን የሚያሳምኑበት ጨዋታ ነው። ጥይቱ ሰውየውን በደንብ ከመታው ያምናል፤ ጨርፎት ካለፈ ግን እምነቱ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል።

ወገኖች፣ በዚህ መሳቅ ይቻላል። ከሳቁ በኋላ ግን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው። የእግዚአብሔርን ቃል እንደ ጥይት የተጠቀምንበት ለቅሶ ቤት የለም? ባሏን ትናንት የቀበረች እኅት አፏን ከፍታ ሳትጨርስ፣ «ሁሉም ለበጎ ነው»፣ «ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሺ»፣ «እርሱ እኮ በተሻለ ቦታ ነው ያለው» ብለን ጥቅስ ተኩሰን ወጥተን አናውቅም? ቃሉ እውነት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለተሰሎንቄ አማኞች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ ነው እንጂ ጨርሶ እንዳያዝኑ አይደለም። ያው ሐዋርያ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 12 ከሚያለቅሱት ጋር ማልቀስን አዟል። ከሚያለቅስ ጋር ማልቀስ ጊዜ ይወስዳል፤ ጥቅስ መተኮስ ግን ጊዜ አይወስድም። ምናልባት የምንመርጠው ለዚህ ይሆናል።

የኢዮብን ወዳጆች እናስታውስ። ብዙ ጊዜ የምንወቅሳቸው በኋላ በተናገሩት ነገር ነው። ከመናገራቸው በፊት ግን ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሕመሙ እጅግ ታላቅ መሆኑን አይተዋልና። አጽናኝነታቸው የተበላሸው አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩልን የለቅሶ ድንኳን፣ ንፍሮ እየተቃመ ዝም ተብሎ የሚዋልበት ያ ሰልስት፣ ከብዙ ስብከት የተሻለ ጥበብ አለው። ችግሩ ድንኳኑ ሲነሣ ሐዘኑም አብሮ የተነሣ የሚመስለን መሆኑ ነው።

የታሪኩ አጃቢ የነበረች ሚስት

በቀብሩ ላይ መጋቢ ላቭጆይ ስለ ሞድ ይናገራል። ፍሬ ሐሳቡ፣ ሞድ በሕይወታችን ውስጥ አጃቢ ተዋናይ ነበረች፤ ዓይን የሚስብ ንግግር ወይም የሚያስቅ አነጋገር አልነበራትም፤ አሁን ግን ከመካከላችን እንደሄደች እናስተውላለን የሚል ነው። ይህ የደራሲዎቹ ቀልድ ነው። በእርግጥም ሞድ በካርቱኑ ውስጥ ከጎን የምትቆም ገጸ ባሕርይ ነበረች፤ ይህንኑ በመጋቢው አፍ አናገሩት።

ሳይታሰብ ግን ደራሲዎቹ ብዙ ትዳሮችን የሚመለከት እውነት ነክተዋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት እየኖሩ አንደኛው የታሪኩ ባለቤት፣ ሌላኛው አጃቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወንድም አገልጋይ ነው፤ ስሙ ይጠራል፤ መድረክ ላይ ይወጣል። ሚስቱ እንግዳውን ትቀበላለች፣ ልጆቹን ታስተኛለች፣ ከሌሊት ጸሎት ሲመለስ የሚበላውን አስቀምጣ ትጠብቀዋለች። ወይም ደግሞ እኅት ሥራዋ ላይ ትደምቃለች፤ ባሏ ዝምተኛ ነውና ያለ ይመስል የለም፣ የለም ሲባል አለ። ክፉ ነገር የለም፤ ጠብ የለም። መተያየት ብቻ ነው የቀረው።

የቀብር ንግግር ስናደምጥ የምንደነግጠው ለዚህ ነው። በሕይወት ሳለች ያልተነገራት ሁሉ በአንድ ቀን ይነገራል፤ እርሷ ግን አትሰማም። ምሳሌ 31 ልባም ሴትን ሲያመሰግን ልጆቿና ባሏ በሕይወቷ ሳለች ተነሥተው እንደሚያመሰግኗት ያሳየናል። እኛ ይህን ምዕራፍ ለሠርግና ለቀብር አስቀምጠነዋል። ለተራው ማክሰኞ ቢሆን ምን ነበረበት?

አንድ ሌሊትና አንድ እሑድ

ከዚህ ክፍል ውስጥ እንዲቀርልን የምንፈልገው ጥቂት ደቂቃ ቢኖር የኔድ ጸሎት ነው። ሰውየው ሌሊት በባዶ አልጋ ላይ ነው። ሆመር የለም፣ ሳቅ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ በፊት እግዚአብሔርን ተጠራጥሮ የማያውቅ ሰው ተጠራጠረ። ለምን ወሰድካት ይላል። መልስ አይመጣም። ጠዋት ልጆቹን ያለ እርሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይልካቸዋል። ብዙም ሳይቆይ ያደረገው ነገር ያስደነግጠውና እየተጸጸተ ይሮጣል።

ደራሲዎቹ ኔድን እንዲህ ያለ ጥያቄ ውስጥ ሲያስገቡት የመጀመሪያቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1996 በታየው ሌላ ክፍል ዐውሎ ነፋስ የከተማውን ቤቶች አልፎ የእርሱን ቤት ብቻ ሲያፈርስበት እንደ ኢዮብ ጠይቋል። ያ ጊዜ የጠፋው ቤት ነበር። ቤት ይሠራል። አሁን የጠፋችው ሚስት ናት።

ምናልባት ከእኛ መካከል፣ «አማኝ ሰው እንዲህ ሊጸልይ ይገባዋልን?» የሚል ይኖራል። መጽሐፍ ቅዱስን ገልጠን መዝሙር 88ን እናንብብ። ጸሎቱ በምስጋና አይዘጋም፤ በጨለማ ይዘጋል። ሆኖም ከመዝሙራት መካከል አልወጣም። ማርታና ማርያም በዮሐንስ 11 ለጌታ የነገሩት የመጀመሪያ ቃል የምስጋና ቃል አይደለም፤ አንተ እዚህ ብትሆን ኖሮ ወንድማችን ባልሞተ ነበር የሚል እሮሮ ነው። ጌታ አልገሠጻቸውም። ትንሣኤና ሕይወት መሆኑን ለማርታ ነገራት፤ ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ ደግሞ አለቀሰ። አልዓዛርን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። የትንሣኤው ጌታ ለማልቀስ ጊዜ ካገኘ እኛ ምን ያስቸኩለናል?

የኔድ ጸሎት ከእምነት መውጣት አይደለም። ወደ ማንም ሳይሆን ወደ እግዚአብሔር ነው የጮኸው። ከእግዚአብሔር የራቀ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር አይከራከርም። የፊልሙ ድክመት ይህን ጥያቄ በአንድ መዝሙር ፈትቶ ማለፉ ነው። አንድ እሑድ ቀርቶ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሰውየው ተጽናናና ከአንዲት ቆንጆ ዘማሪት ጋር ተዋወቀ። የሃያ ሁለት ደቂቃ ፕሮግራም ነውና ማለቅ ነበረበት። ሐዘን ግን የፕሮግራም ሰዓት የለውም።

ቶሎ የመጣ መድኃኒት

ደራሲዎቹ ራሳቸው ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሜይ 6 ቀን 2001 በታየው ክፍል፣ ያቺው ራሄል ጆርዳን ኔድን ልትጠይቅ ትመጣለች። ቤቱ አሁንም በሞድ ትዝታ የተሞላ ነው። ኔድ ዘማሪቷ በተኛችበት ፀጉሯን ልክ እንደ ሞድ አድርጎ ይቆርጠዋል። እርሷም ነቅታ ስታየው ደንግጣ ትሄዳለች።

አስቂኝ ተብሎ የቀረበ ቢሆንም እጅግ የሚያሳዝን ትዕይንት ነው፤ እውነትም አለበት። ሟቿን በሚገባ ያላለቀሳት ሰው አዲሲቱን ሴት እንደ ራሷ ሊያያት አይችልም። መልኳን፣ ወጧን፣ ጸሎቷን፣ የልጅ አያያዟን ከቀድሞዋ ጋር ያስተያያል። አንዱን ፀጉር በሌላው ሊተካ ይሞክራል። ሁለቱም ሴቶች ይበደላሉ፤ አንደኛዋ ሳትለቀስ፣ ሌላኛዋ ሳትታይ።

ዳግመኛ ማግባት ኃጢአት ነው እያልን አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ባሏ የሞተባት ሴት በጌታ ይሁን እንጂ ልታገባ ነጻ እንደሆነች በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ጽፏል። ይስሐቅም ርብቃን ባገባ ጊዜ ከእናቱ ሞት እንደተጽናና በዘፍጥረት 24 እናነባለን። የምንናገረው ስለ ችኮላው ነው። በተለይም ሚስቱ የሞተችበት ወንድም ላይ ችኮላ ይበረታበታል። «ልጆቹን ማን ያሳድግልሃል? ወንድ ልጅ ብቻውን አይሆንለትም፤ እገሊት መልካም እኅት ናት» ይባላል። ብዙ ጊዜ በፍቅር ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ሆመር እንዳደረገው፣ ሐዘኑን ማየት እኛን ስለሚያስጨንቀን ቶሎ እንዲያልቅልን ስንል ነው።

ያዕቆብን ተመልከቱ። ራሔል በመንገድ ላይ ሞተችበት፤ በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቆመ። ከብዙ ዓመት በኋላ በግብፅ አልጋው ላይ ሆኖ የዮሴፍን ልጆች ሊባርክ ሲል፣ ንግግሩን አቋርጦ ራሔል በመንገድ ላይ እንዴት እንደሞተችበት ይናገራል። ሽማግሌ ሆኖ፣ ሌሎች ሚስቶችም የነበሩት፣ ልጆችም ያሉት ሆኖ ሳለ፣ ሊሞት ሲል ያቺን መንገድ አልረሳም። ይህን ያየ የእግዚአብሔር ሕዝብ፣ «አሁንም ታስባታለህ እንዴ?» ብሎ ሊገረም አይገባውም።

ትዕግሥት ያሳመረው

የኔድ ታሪክ በዚህ አላበቃም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ከዚያችው ከመምህርት ኤድና ክራባፕል ጋር ይቀራረባል፤ በ2012 በታየ ክፍልም ተጋብተው እናያቸዋለን። በ2000 ቸኩሎ ያልሠመረው፣ ጊዜ አልፎበት ሠመረ። ይሁን እንጂ የኤድናን ድምፅ ትሰጥ የነበረችው ማርሲያ ዋላስ ኦክቶበር 25 ቀን 2013 አረፈች፤ አዘጋጆቹም በሌላ ድምፅ ሊተኳት ስላልፈለጉ ኤድናም አብራ ከታሪኩ ወጣች። ኔድ ለሁለተኛ ጊዜ ሚስቱን አጣ።

በማርች 2014 በታየ አንድ ክፍል መጨረሻ ላይ ኔድ ጥቁር የሐዘን ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ይታያል፤ ከኤድና ጋር የጨፈረበትን ጊዜ ያስታውሳል። በተማሪነቱ ያስቸግራት የነበረው ኔልሰን የተባለ ልጅ በመስኮት ሆኖ የተለመደውን የፌዝ ሳቁን ይስቅበትና፣ ወዲያው እርሱም እንደናፈቃት ይናገራል። አለቀ። አፈናቃይ አደጋ የለም፤ አዲስ ሴት የለም፤ መፍትሔ የለም። ይህ አጭር ትዕይንት ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ከተሠራው ሙሉ ክፍል ይበልጣል ብንል አናጋንንም። በመጀመሪያው ጊዜ ቀልዱ ሐዘኑን ሸፈነው፤ በሁለተኛው ጊዜ ፌዘኛው ራሱ ፌዙን አቁሞ አለቀሰ። ከሚያለቅሱት ጋር ማልቀስ ማለት ይኸው አይደለምን?

ለባለትዳሮችና ለቤተ ክርስቲያን

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ?

በመጀመሪያ፣ ባለትዳሮች ሆይ፣ የመጨረሻውን ቃል መምረጥ አንችልም። ቀኑን ሙሉ የስንብት ቃል እየተናገርን መኖርም አይቻልም። «ረጅሙን ሆት ዶግ እንዳታመጪ» ማለት ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም ያቺ ንግግር ልብ ብለን ካየናት የፍቅር ንግግር ናት። ሞድ ባሏ የማይወደውን ሳይነግራት ታውቃለች። ይህ የብዙ ዓመት አብሮነት ፍሬ ነው። ኔድ ሊከነክነው የማይገባው ለዚህ ነው፤ የመጨረሻው ቃል ከእርሱ በፊት የነበሩትን ቃሎች ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል። የቀደሙት ቃሎች በፍቅር ከተነገሩ የመጨረሻውም በፍቅር ይተረጎማል። የቀደሙት በንቀት ከተነገሩ ግን መልካም ስንብት እንኳ አያድናቸውም። ስለዚህ የምንጠብቀው አንዱን ቃል ሳይሆን የየዕለቱን ቃል ነው።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ ለትዳር ጓደኛችሁ አንድ ነገር ንገሩ። በቀብሯ ወይም በቀብሩ ላይ ብትቆሙ የምትናገሩትን አንድ ነገር አሁን፣ እየሰማች፣ እየሰማ ሳለ ተናገሩ። መጀመሪያ ያሳፍር ይሆናል። «ምን ሆነሃል? አሞሃል እንዴ?» ልትባሉም ትችላላችሁ። ቢሆንም ተናገሩ።

ሦስተኛ፣ የትዳር ጓደኛ በሞት ለተለየው ወገን ከአርባ ቀን በኋላ ደውሉ። ከስድስት ወር በኋላ ሂዱ። የሟቿን ስም ጥሩ፤ ስሟ ሲጠራ የሚያዝን ይመስለናል፣ ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን ማንም አለመጥራቱ ነው። ልጆቹን አንድ ቅዳሜ ይዛችሁ ዋሉ። ጥቅስ ለመጥቀስ አትቸኩሉ፤ ከተጠየቃችሁ በኋላ ጥቀሱ። ቢጠራጠር አትደንግጡ፤ የሚጮኸው ወደ እግዚአብሔር ከሆነ መንገዱን አልሳተም። አንድ እሑድ ከጉባኤ ቢቀር «ወደ ኋላ ተመለሰ» ከማለት በፊት ቤቱ ሂዱ። ኔድ ራሱ ሮጦ መጣ፤ ሁሉም ሮጦ ሊመጣ አይችልም፤ የሚሄድለት ሰው የሚያስፈልገው ብዙ ነው።

ስለ ፊልሙ አንድ ማሳሰቢያ እናክል። «ዘ ሲምፕሰንስ» ለሕፃናት የተሠራ አይደለም፤ ለታናናሾቹ የማይሆን ቀልድ ይበዛበታል። ወላጆች ሥዕል መሆኑን ብቻ አይተው ልጆቻቸውን ፊቱ አስቀምጠው ባይሄዱ መልካም ነው። ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች ያሏቸው ግን አብረው ተቀምጠው ቢያዩትና ቢወያዩበት፣ «እናንተ የኔድ ጎረቤት ብትሆኑ ምን ታደርጉለት ነበር?» ብለው ቢጠይቁ፣ ምናልባት ከልጆቹ አፍ ከዚህ ዓምድ የተሻለ መልስ ይሰማሉ።

የመጽናናት ሁሉ አምላክ በሐዘን ላይ ያሉትን ያጽናና። አብራችሁ ላላችሁም የምትተያዩበትን ዓይን ይስጣችሁ።